የአባቴ ግራ እግር

ባለፈው ሳምንት ዓይኔን ልታይ ሄጄ ነበር። ስኳር ካለብኝ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል፤ ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ዓይኑን በየጊዜው መታየት አለበት። መርማሪው ጢሙ ገና በቅጡ ያልሞላ ወጣት ነው። ዓይኔ ውስጥ ጠብታ ጨምሮ ኮሪደሩ ላይ አስቀመጠኝና ነገሩ ሁሉ ጭጋግ እስኪመስለኝ ጠበቅኩ። አጠገቤ ከበዴሳ የመጡ የእህል ነጋዴ ነበሩ። እሳቸውም ጠብታው ገብቶላቸው ስለነበር፣ ሁለታችንም በቅጡ ሳንተያይ ስለ ቦሎቄ ዋጋ ብዙ ተጨዋወትን።

ተራዬ ሲደርስ አገጬን ማሽኑ ላይ አሳረፈኝ። ብርሃን ብልጭ አለ፤ ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረልኝ። ዓይኔ ቢደነግዝም ቀለሙን ለየሁት። ብርቱካንማ ክብ ነው፤ በላዩ ላይ ቀያይ መስመሮች ከአንድ ቦታ ተነስተው ይበተናሉ፣ እየተበተኑም ይቀጥናሉ፣ መጨረሻቸው አይታይም።

«ይሄ የእርስዎ ነው» አለኝ። «የዓይንዎ የኋላ ግድግዳ። ሰውነት ሳይከፈት ደም ስርን እንዲህ አድርገን የምናየው እዚህ ነው።»

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ካገኘሁ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ይቺኛዋ ለምን ተጠማዘዘች፣ ያኛው ለምን ወፈረ፣ እነዚህ ሁለት ነጥቦች ምንድን ናቸው እያልኩ ጠየቅሁት። ልጁ ታግሶ መለሰልኝ። ነጥቦቹ ከትንንሾቹ ስሮች ያፈተለከ ደም ናቸው፤ ለጊዜው አያሰጉም፣ ስኳሩን መጠበቅ ነው አለ። መጨረሻ ላይ ሳቅ ብሎ፣ «እናቴ፣ እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ» አለኝ። «እግርዎንስ ማን ያይልዎታል?»

«እግሬን?»

«ጣቶችዎ መሃል፣ ከሥርም። ዓይን ላይ ያሉትን ስሮች የሚጎዳ ነገር እግር ላይ ያሉትንም አይተውም።»

ይህን ከአንተ በፊት ነው የማውቀው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ተውኩት። ሥራዬ ላብራቶሪ ነበር፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሰው ደም ሳይ ኖሬያለሁ። የራሴን እግር ማን እንደሚያይልኝ ግን ሳልነግረው አመስግኜው ወጣሁ።

ደጅ ፀሐዩ አላስኬድ አለኝ። ባጃጅ ተሳፍሬ ነጠላዬን ዓይኔ ላይ ጣል አደረግኩ። ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው የክረምት ንፋስ በባጃጁ ጎን እየገባ ቀኝ እግሬን በረደኝ። የአባቴ የሽመና ጉድጓድ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

አባቴ አንጁሎ ሸማኔ ነበር። ቤታችን ሶዶ ዳር፣ ወደ ተበላ ከተማ በሚወስደው መንገድ በኩል ነበር፤ ከኋላው እንሰት፣ ከፊቱ የአባቴ መሥሪያ ጎጆ። የሸማኔን መቀመጫ ላላየ ሰው ልንገር። መሬቱ እስከ ጉልበት ይቆፈርና ሸማኔው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰዳል። ታች ሁለት መርገጫዎች አሉ፤ ከእያንዳንዳቸው የሚመጣውን ገመድ በአውራ ጣቱና በቀጣዩ ጣት መሃል ይይዛል። ግራውን ሲረግጥ ድሩ ለሁለት ይከፈታል፤ በተከፈተው መሃል ማጉን ይወረውራል። ከዚያ ቀኙን ይረግጥና መልሶ ይወረውራል። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው እጁን ነው። አባቴ ግን «እጅ ለጉራ ነው፤ የሚሠራው እግር ነው» ይል ነበር። እግሩን ሲያይ ግን አይቼው አላውቅም፤ ዓይኑ ሁልጊዜ ሸማው ላይ ነው።

ከእኛ ጋር የሚያወራው በወላይትኛ ነበር፤ አማርኛው ለገበያ የሚበቃ ያህል ነው። እቤት የተባለውን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ከቀልዱ ግማሹ መንገድ ላይ እንደቀረ አንባቢ ይወቅልኝ።

ያን ጊዜ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ባዮሎጂ የሚያስተምረን ቲቸር ይልማ የሚባል፣ ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ብርድ የማይችል ቀጭን ሰው ነበር። ትምህርት ቤታችን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ አንድ ብቻ ነበረው። መብራት የለውም፤ ከሥሩ ባለች ትንሽ ክብ መስታወት የቀን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ላይ ይልካል። በሰኔ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ ቲቸር ይልማ ከከተማው በታች ካለው ወንዝ ገና እግር ያላበቀሉ የእንቁራሪት ልጆች በጣሳ አምጥቶ፣ አንዷን በእርጥብ ጥጥ ጠቅልሎ ጭራዋን ብቻ መስታወቱ ላይ ዘረጋልን። ከዚያ በተራ በተራ እንድናይ ጠራን።

መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት ብቻ ነው ያየሁት። ቲቸር ይልማ «ሁለቱንም ዓይንሽን ክፈቺ፤ አትቸኩይ» አለኝ። ቆይቶ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንድ አይደለም፣ ብዙ ነው፤ ሞላላ ሞላላ ነገሮች ሰፊ ቦታ ላይ እየተጋፉ ይሮጣሉ። ቀጭኗ ስር ጋ ሲደርሱ ግን ተጋፍቶ ማለፍ የለም። ጠባብ በር ላይ ተራ እንደያዘ ሰው አንድ በአንድ ይገባሉ፤ አንዳንዱ ለማለፍ ይታጠፋል፤ አንዳንዱ ቆም ይልና ከኋላ ያለው ይገፋዋል።

«ልብ ይሄን ሁሉ የሚገፋው እዚህ እንዲደርስ ነው» አለ ቲቸር ይልማ። «ትልልቆቹ መንገድ ናቸው፤ መንገድ ላይ ማንም አይበላም። ምግቡ የሚራገፈው እዚህች ጠባቧ ጋ ነው።»

ከኋላዬ ያሉት «በቃሽ» እያሉ ቀሚሴን ይጎትቱኝ ጀመር። አልበቃኝም ነበር፤ እስከዛሬም አልበቃኝም። በመጨረሻ ቲቸር ይልማ ያለ ማይክሮስኮፕ የሚሠራ ነገር አሳየን። ጥፍርን ጫን ቢያደርጉት ነጭ ይሆናል፤ ሲለቁት ደሙ ይመለሳል፣ ይቀላል። የተመለሰው የነዚያ ቀጫጭን ስሮች ደም ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥፍሩን ያልተጫንኩት ሰው አልነበረም። ታናናሾቼን፣ ጎረቤቶቻችንን፣ ቅቤ ልትሸጥ የመጣችን ሴት ሳይቀር ተጫንኩ። እናቴ «ይቺ ልጅ ገበያ እንደወጣ አቮካዶ ሰውን ሁሉ ትጫናለች» እያለች ትስቅ ነበር። አባቴን ግን አልደፈርኩም፤ እጁ ሥራ አይፈታም።

ቲቸር ይልማ ለአባቱ የሚልከው ጋቢ አባቴ ዘንድ አዝዞ ነበር፤ ጠርዙ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ የዱንጉዛ ጥለት ያለው። በሐምሌ መጥቶ ሲወስድ እኔም እዚያው ነበርኩ። ጋቢውን ዘርግቶ በደስታ እያየ ሳለ እጁ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።  «ግሩም ነው፣ አቶ አንጁሎ፤ አባቴ ይሞቀዋል» ብሎ አጠፈው። አባቴ ግን የቆመውን እጅ አይቷል። ጋቢውን መልሶ ተቀብሎ ዘረጋውና ፊቱ ተለወጠ። አንድ ክንድ በሚሆን ቦታ ላይ ማጉ ድሩን እየዘለለ ላዩ ላይ ተንሳፍፏል። የአባቴ ሸማ እንከን ወጥቶበት አያውቅም። በሶዶ ቅዳሜ ገበያ ሰው ከሌላው ሲገዛ «እንደ አንጁሎ ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

«ክሩ ነው» አለ አባቴ። «የዘንድሮ ክር ብልሹ ነው። ሌላ እሠራልሃለሁ፤ ይሄን ተወው።»

ቲቸር ይልማ አልተወውም። ሌላው እስኪደርስ ይሄን እለብሰዋለሁ ብሎ ብርዱን አሳቦ ይዞት ሄደ።

ከመሄዱ በፊት ግን እኔ ያን ቦታ በደንብ አይቼው ነበር። ስህተቱ እንዲሁ የተዘበራረቀ አልነበረም። አንዱ ማግ ደህና ነው፣ ቀጣዩ ይዘላል፤ አንዱ ደህና፣ ቀጣዩ ይዘላል። ክሩ ብልሹ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይበላሽ ነበር። በማግስቱ አባቴ ሲሠራ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ጎሬ የምትጠብቅ ድመት መሰልኩ። ቀኝ እግሩ ሲረግጥ ድሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። ግራው ሲረግጥ ግን አንዳንዴ ግማሽ ላይ ይቀራል፤ መወርወሪያው በጠባቡ ያልፍና ክሮቹን ይዘላል። ገመዱ ከጣቶቹ መሃል ሾልኮ ሲወጣ አባቴ አያውቅም። ሲያውቅም ጎንበስ ብሎ በዓይኑ ይፈልገዋል። እግሩን የማያይ ሰው እግሩን መፈለግ ጀመረ።

«አባዬ፣ ግራ እግርህ ምን ሆነ?»

«በረደው። ጉድጓዱ ዘንድሮ ውሃ ቋጥሯል።»

ያን ክረምት ሌላም ነገር ነበር። አባቴ ውሃ በቅል ሙሉ ይጠጣ ነበር፤ ሌሊት ሌሊትም ደጋግሞ ይነሳል። ከስቷል። እናቴ «ለጊፋታ የሚታዘዘው ሥራ ነው የሚያከሳው፤ መስከረም ያልፋል፣ እሱም ይወፍራል» ትል ነበር። ለጊፋታ፣ ማለት ለዘመን መለወጫችን፣ ሁሉም አዲስ ዱንጉዛ ይፈልጋል፤ የዓመቱ የቤት ወጪ የሚሸፈነው በነዚያ ሳምንታት ነው።

በሰፈራችን ሸማኔ እግሩ ሲበርደው የታወቀ ዘዴ ነበረው፤ ፍም በገል ተደርጎ ጉድጓዱ ጥግ ይቀመጣል። አያቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር ይባላል። ሙቀቱ ሲበዛ እግር ራሱ ሸሸት ይላል። እንግዲህ ዘዴው ሁሉ የተመሠረተው እግር ራሱ ይሸሻል በሚለው ላይ ነበር።

በነሐሴ አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ፍም አስመጣ። ውጭ ዶፍ ይዘንባል። እናቴ የቡና ቅጠል ከሚጥሚጣና ከነጭ ሽንኩርት ጋር አፍልታ፣ ያችን እኛ ሀይታ ቱኬ የምንላትን፣ ወደ ጎጆው እንዳደርስለት ሰጠችኝ። ስገባ አባቴ መዝሙር እያንጎራጎረ ይሠራል፤ ፊቱ ሰላም ነው። አንድ ሽታ ግን አለ፤ ላባው ተነጭቶ የተለበለበ ዶሮ ዓይነት። ዶሮ ወድቃ ይሆን ብዬ ጎንበስ ብዬ ወደ ጉድጓዱ አየሁ።

የአባቴ ግራ እግር ገሉ ላይ ተደግፏል።

ጽዋውን ጥዬ እግሩን በሁለት እጄ ሳብኩት። አባቴ ደንግጦ ተቆጣኝ፤ ድሩን የበጠስኩበት መስሎት ነበር። ከዚያ ወደያዝኩት ነገር አየ። ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ቆዳቸው ተገፏል። አላቃሰተም። እጄ ላይ ያለውን እግር የሌላ ሰው ንብረት እንደሆነ ሁሉ አየው፣ በጣቱ ነካው፣ እንደገና ነካው። «አይሰማኝም» አለ ዝግ ብሎ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

እናቴ ለጋ ቅቤ ቀብታ በጨርቅ ጠቀለለችለት። ጎረቤቶች መጡ፤ አንዱ ማር፣ አንዱ ቅጠል አዘዘ። ሰንብቶ ጨርቁ ሲፈታ ሁለቱ ጣቶች ጠቁረዋል። ሆስፒታል እንሂድ ስንለው አልሰማም አለ። ገሱባ የሚኖር አንድ የሙያ ጓደኛ ነበረው፤ በቁስል ሆስፒታል ገብቶ እግሩ ከጉልበት በታች ተቆርጦ ተመለሰ።

«ሸማኔ ነበር፤ አሁን ክር ይሸጣል» አለ አባቴ። «ሌላ ሰው እግሩን የሚፈልገው ለመሄድ ነው። እኔ ለመሄድ ምርኩዝ ይበቃኛል። ይሄን ከወሰዱብኝ ግን ቤታችሁን ማን ይረግጥላችኋል?»

እናቴ አለቀሰች። እኔ ተቆጣሁ፤ ቁጣዬ እንደማይሠራ ሳይ ደግሞ ቲቸር ይልማ ቤት ሄድኩ። ለክረምቱ አገሩ ያልሄደ ብቸኛ መምህራችን እሱ ነበር፤ እግዜር አቆይቶልኝ። የነገርኩትን ሁሉ ሰማና ብዙ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ስንት ውሃ ይጠጣል፣ ሌሊት ስንቴ ይነሳል፣ ሲነኩት ይሰማዋል ወይ። ከዚያ «የእንቁራሪት ልጅ ይዘሽ ጠብቂኝ፤ ነገ ጠዋት ፀሐይ ከወጣች እመጣለሁ» አለ።

ወጣች። ቲቸር ይልማ በሰፈራችን ጭቃ ላይ ሕፃን የታቀፈ መስሎ እየተንሸራተተ ሲመጣ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየው። የታቀፈው የትምህርት ቤቱን ማይክሮስኮፕ ነው፤ የጠቀለለበት ደግሞ ያው እንከን ያለበት ጋቢ ነው። ርዕሰ መምህሩን እንዴት እንዳሳመነው እግዜር ይወቅ። እኔም ከወንዙ አንዲት የእንቁራሪት ልጅ በጣሳ ይዤ ቆየሁት። ማይክሮስኮፑን ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ አስቀመጠው፤ ትንሿን መስታወት ወደ ብርሃኑ አዞረ፤ አባቴን ደግፈን አመጣነው።

አባቴ ቀጭን ነገር ማየት ሥራው ስለሆነ እንደኛ ሽፋሽፍቱን ሲያይ አልዋለም። አንዴ ዓይኑን ካሳረፈ በኋላ ቀና አላለም። ዶሮዎች እግሩ ሥር ሲጭሩ፣ እናቴ «ምን አለ? ምን አለ?» ስትል፣ ዝም ብሎ ያያል።

«ይሄን ማን ፈተለው?» አለ በመጨረሻ።

ቲቸር ይልማ እኔ ስተረጉምለት ፈገግ አለና ወደ ሰማይ አመለከተ።

«የእኔም እግር ውስጥ እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው።»

«እየሄደ ነው?»

«እሱን እኔ አላውቅም፣ አቶ አንጁሎ። የሚያውቁት ሆስፒታል ናቸው። እግር እንዲሰማው የሚያደርገውም ነርቭ ቢሆን የሚመገበው ከእነዚህ ቀጫጭኖች ነው፤ እነሱ ሲታመሙ እሱም ይደነዝዛል። ሳይርቅ በቅርብ፣ ሳይደርቅ በእርጥብ ይባላል።»

አባቴ ወደ ግራ እግሩ አየ። እኔ ያን ጊዜ ጋቢውን አንስቼ እንከኑን አሳየሁት። አንዱ ማግ ደህና፣ ቀጣዩ የዘለለ። ጣቱን በላዩ ላይ አስኬደ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያለ ነበር።

«ግራዬ ነው» አለ። «ነግሮኝ ኖሯል፤ በሸማው ነግሮኝ ኖሯል። እኔ ክሩን ሰደብኩ።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ፣ «ልብስ አምጪልኝ፤ እንሂድ» አላት።

ሆስፒታል የተቀበለችን ሲስተር አስቴር የምትባል ደልዳላ ነርስ ነበረች። ሽንቱን ሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ ጨምረው እሳት ላይ ሲያፈሉት አጠገቡ እንድቆም ስለለመንኳት ፈቀደችልኝ። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ሸክላ መሰለ። ሐኪሙ ስኳር ነው አለ። አባቴ በአማርኛው «ስኳር? እኔ ስኳር የት አውቆ? እኛ ቤት መጠጥ ጨው ነው ያለው» ብሎ ሐኪሙን አሳቀው። እኔ ግን ዓይኔ ከሸክላው ቀለም ላይ አልተነሳም። በኋላ ላብራቶሪ የተማርኩት በዚያች ብልቃጥ የተነሳ ይመስለኛል።

የጠቆሩት ሁለቱ ጣቶች እንደማይድኑ ተነገረን። ጥያቄው ሞቱ የት ላይ ይቆማል ነው። ሁለቱ ላይ ከቆመ ሁለቱ ይቆረጣሉ፤ ወደ መሃለኛውና ከዚያ ወዲህ ከገሰገሰ ደግሞ ቢላዋው ይከተለዋል። ሲስተር አስቴር ጤነኛው ቆዳ በሚጀምርበት ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመረች፤ በየጠዋቱ እየመጣች ከመስመሩ ወዲህ ያለውን ቆዳ ጫን አድርጋ ትለቃለች። ነጭ ይሆናል። ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቃለን። ቅላቱ እየተንቀራፈፈ ይመለሳል። ያች በሰኔ የተጫወትኩባት ጨዋታ ነበረች፤ አሁን የአባቴ ዕድሜ ልክ ሥራ በእሷ ላይ ተንጠልጥሏል።

አባቴ አውራ ጣቱንና ቀጣይዋን በእጁ ይዞ፣ «ሲስተር፣ ሌላው ውሰድ» አላት አንድ ጠዋት። «ይሄ ሁለቱ ግን ተውልኝ። ገመድ የሚይዝ ይሄ ነው።»

«እኔ አይደለሁም የምተወው፣ አባባ» አለችው። «ደምዎ ከደረሰ ይቀራሉ። እርስዎ መርፌውን ይወጉ፣ እግርዎን አያንጠልጥሉ፣ እንጸልይ።»

ጊፋታ እዚያው አለፈ። ሌሊት በመስኮቱ የችቦውን ብርሃን አየን፤ የልጆቹ ዘፈን እስከ አልጋው ይሰማ ነበር። እናቴ የጊፋታውን የቆጮ ምግብ፣ ሙቹዋን፣ በቅቤ አርሳ አምጥታ ለታማሚው ሁሉ አከፋፈለች። በማግስቱ ሲስተር አስቴር እንደ ልማዷ መጣችና ጫነች። ለቀቀች። መሃለኛው ጣት ላይ ቀለሙ ከወትሮው ፈጥኖ መጣ፤ እንደገና ጫነች፤ እንደገና መጣ። መስመሩ ካለበት አልተነቃነቀም። ዞር ብላ «አንቺ ጠያቂዋ፣ ነይ ራስሽ ጫኚ» አለችኝ። ጫንኩ። ከጣቴ ሥር የአባቴ ደም ሲመለስ አየሁና አለቀስኩ።

ሁለቱን ትንንሽ ጣቶች ቆረጡ። ገመድ የሚይዙት ቀሩ።

አባቴ ወደ ጉድጓዱ የተመለሰው ቁስሉ ጠግጎ ኅዳር ሲገባ ነው። እግሩ አሁንም አይሰማውም፤ የጠፋው ስሜት አልተመለሰም። ከመመለሱ በፊት ግን ከቅዳሜ ገበያ አንድ ክብ የመላጫ መስታወት ገዝቶ ጉድጓዱ ውስጥ አዘንብሎ ተከለው። ከዚያች ከማይክሮስኮፑ ሥር ካየው መስታወት የቀዳው ሐሳብ ነው። እየሠራ ዓይኑን ዝቅ ሲያደርግ ግራ እግሩን ያያል፤ ገመዱ ካለ ይረግጣል፣ ከሌለ ያስተካክላል። ፍም ጉድጓድ ውስጥ ድርሽ አላለም፤ ሌሎቹም ሸማኔዎች እያዩ ተዉት። ለቲቸር ይልማ አዲስ ጋቢ ሠራለት። ቲቸር ይልማ አዲሱን ለአባቱ ላከና አሮጌውን ራሱ ለበሰ፤ እንከኗን ለክፍል ተማሪዎች ያሳይ ነበር።

ማታ ማታ ደግሞ አባቴ እግሩን ጭኔ ላይ ያስቀምጥና «እስቲ ዛሬ ምን አለ?» ይለኛል። በጣቶቹ መሃል፣ ከተረከዙ ሥር፣ ሁሉንም አያለሁ። ምንም ከሌለ «ዝም ብሏል» እለዋለሁ፤ እሱም «ተመስገን፣ ዝም ይበል» ይላል። እኔ ሳገባ ሥራው ለታናሼ ተላለፈ፤ ከእሷ ለእናቴ። አባቴ እስከ እርጅናው ድረስ ሸመነ፤ ያን መስታወትም ሲሞት እኔ ወሰድኩት።

ሰው ልቡን ብዙ ያወራለታል፤ ልቤ ቆሰለ፣ ልቤ ተሰበረ ይላል። የሚኖረው ግን ልቡ ከላከው ሳይሆን ጣት ጫፍ ላይ ከሚደርሰው ነው። የደረሰውንና ያልደረሰውን ደግሞ አንዳንዴ ባለቤቱ ራሱ አያውቅም፤ ሌላ ሰው አይቶ ሊነግረው ይገባል። እኔ ይህን በአሥራ ሰባት ዓመቴ ተምሬ፣ ስንቱን በሽተኛ መክሬበት፣ የራሴን እግር ካልሲ ውስጥ ሸፍኜ ነው የኖርኩት።

ያን ቀን ከዓይን ምርመራ ስመለስ ባለቤቴ ሳሙኤል ሬዲዮ እያዳመጠ አገኘሁት። ካልሲዬን አወለቅኩና እግሮቼን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩ። ከስንት ዓመት ትዳር በኋላ እንዲህ አድርጌ ስለማላውቅ ደነገጠ።

«ምን ሆንሽ?»

«እይልኝ።»

መነጽሩን አደረገ። «ምን ልፈልግ?»

«ምንም እንዳታገኝ ፈልግ።»

«እንዴት አድርጎ ነው ምንም የሚፈለገው?» እያለ ማጉረምረሙ አልቀረም፤ ግን ፈለገ። እያንዳንዷን ጣት ፈልቅቆ አየ፤ ክር እንደሚመርጥ ሰው ይጠነቀቃል። ንጹሕ ነው አለ። ከዚያ ከመጥረጊያው አንድ ጭራሮ ሰብረህ በጫፉ ንካኝ፣ የነካኸኝን ቦታ እኔ ልንገርህ አልኩትና ዓይኔን ጨፈንኩ። ቀኙን ነካ፤ አውራ ጣት አልኩ። ነካ፤ ተረከዝ አልኩ። ነካ፤ ትንሿ ጣት አልኩ።

ከዚያ ዝም አለ። ጠበቅኩ። ሬዲዮው ያወራል፣ ውጭ ባጃጅ ያልፋል።

«ግራውን ጀምር እንጂ» አልኩት።

«ጀምሬያለሁ» አለኝ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ጭራሮው ግራ እግሬ ላይ፣ ትንሿ ጣቴ ጫፍ ላይ ቆሟል፤ ሳሙኤልም እኔን ያየኛል። ፈራሁ፤ አልዋሽም። ከፍርሃቴ ሥር ግን ያች ቀሚሷን እየጎተቱ «በቃሽ» ያሏት ልጅ ቀና ስትል ታወቀኝ።

«እዚያው ያዘው፤ እንዳትነቃነቅ» አልኩት። «መሳቢያው ውስጥ የአባቴ መስታወት አለ፤ አምጣልኝ፣ እኔም ልየው።»

«እዚያው ያዘው ብለሽ እንዴት አድርጌ ነው የማመጣው?» አለ።

ተነስቼ ራሴ አመጣሁት።